11 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ከሰዓት ሙሉ ያለቀብኝ "አል" በምትባል ነገር ላይ ነው። ሁለት ፊደል! ቡናው ቀዝቅዞ፣ ስልኩ ደጋግሞ ጠርቶ፣ እኔ አሁንም "አል" ላይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ባሕረ ሰላጤው ነገሥታት የተጻፈ መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለአርትዖት መጣልኝ። ተርጓሚው ጎበዝ ነው፤ አማርኛው ውኃ ነው። ግን "አልሱዑድ"፣ "አልነህያን"፣ "አልመክቱም" እያለ ሁሉንም አጣብቆ ጽፎታል። በዐረብኛ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛዋ "አል" አጭሯ ናት። ስም ላይ ትለጠፋለች፤ እኛ "ቤት" የሚለውን "ቤቱ" እንደምናደርገው ማለት ነው። ሁለተኛዋ ሳብ ተደርጋ "ኣል" ተብላ ነው የምትነበበው። ትርጉሟ ቤተሰብ፣ ወገን ነው። ሳዑዲን የሚገዛው ቤት ኣል ሱዑድ ነው። የአቡዳቢው ኣል ነህያን፣ የዱባዩ ኣል መክቱም፣ የኳታሩ ኣል ሣኒ። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ፊደል ስለሚጽፋቸው ልዩነቱ እዚያው ይቀራል። ከእንግሊዝኛ የሚቀዳ ሰው የቀረውን ከየት ያመጣዋል?

እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ቃል አለን። "ቤተ ሱዑድ" ብዬ ጻፍኩ። ደስ አለኝ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መንግሥት ትዝ አሉኝና አንባቢው ሕንፃ ይመስለዋል ብዬ ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት። መልሼ ሰረዝኩት። ከሰዓቱ የሄደው እንዲህ ነው። በመጨረሻ "ኣል ሱዑድ" ብዬ ለያይቼ ጽፌ፣ መጀመሪያ በወጣበት ገጽ ላይ "የሱዑድ ቤተሰብ ማለት ነው" የምትል ሐረግ አስገባሁ። ለአንድ ከሰዓት ሥራ ይህ ብዙ አይደለም፤ የእኔ ሥራ ግን ይኸው ነው።

ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። ዐረብኛን መጀመሪያ ያገኘሁት ሎሕ ላይ፣ በቁርኣን መማሪያው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። እግሬን አጣጥፌ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ፣ በቃሌ። ነሕው፣ ማለትም የዐረብኛ ሰዋስው፣ የጀመርኩት ትንሽ ከፍ ካልኩ በኋላ ነው። ሸኻችን ደረሳ (ተማሪ) ሲሳሳት አይቆጡም ነበር። "እህም" ብቻ ነው የሚሉት። ያቺ "እህም" ከአለንጋ ትብስ ነበር። ዛሬም የሰው ጽሑፍ ሳርም የምሰማው እሷን ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ ስለ ዐረቡ ዓለም የተጻፈ መጽሐፍና ሪፖርት ማረም ከጀመርኩ። እናቴ እስካሁን ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ አልገባትም። ለጎረቤት ስታስረዳ "የዐረብ ወረቀት ያቃናል" ነው የምትለው። ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ስለ ዐረቦች በአማርኛ የሚወጣው መጽሐፍ አብዛኛው በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። በቀይ ባሕር ማዶ ያለ ጎረቤት ወሬ በለንደን በኩል ይደርሰናል። የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛው የሚጥለውን ፊደል እኛ ይዘነዋል። እንግሊዝኛ ቀ የለውም፣ ጠ የለውም፣ ሐና ዐ የሉትም። እኛ ቀና ጠን እንጠራቸዋለን፤ ሐና ዐን ደግሞ ድምፃቸው ቢጠፋብንም ፊደላቸው ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። የየመንን ዋና ከተማ "ሳና" ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ሲያጋጥመኝ "እህም" እላለሁ። ሰንዓ ናት። ዓይኗ፣ ማለትም ዐ፣ እዚያው ከእኛ ፊደል ገበታ ላይ አለች።

በዚህ ሞቅ ብሎኝ አንድ ጊዜ ከልክ አለፍኩ። "ኳታር"ን በሙሉ ወደ "ቀጠር" ቀየርኳት። ዐረቡ የሚለው እንደዚያ ነው፤ በቀ እና በጠ። አሳታሚው ደወለ። "ወንድሜ፣ ቀጠር የት ነው?" አለኝ። አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና "መጽሐፉን የሚገዛው ሰው እኮ ኳታር ኤርዌይስ የሚል ትኬት በኪሱ የያዘ ሰው ነው" አለ። ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩ። አሁን ሳስበው ልክ ነበር። ደማስቆን "ዲመሽቅ" እንበል አንልም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጀምሮ የእኛ ሆናለች። ግብፅንም "ሚስር" አንልም። ሥር የሰደደውን አልነካም። አዲስ የሚገባውን ግን በር ላይ እጠብቀዋለሁ።

የሰው ስም ላይ ደግሞ ከማንም በላይ እኛ ልንሳሳት አይገባም ነበር። አንድ ረቂቅ ላይ "ሑሴን እ.ኤ.አ. በ1990 ኩዌትን ወረረ" የሚል አገኘሁ። ሑሴን ማንንም አልወረረም። የወረረው ልጁ ሳዳም ነው! እንግሊዝኛው የመጨረሻውን ስም ይዞ "ሑሴን" ይላል፤ ተርጓሚያችንም ተከተለ። ፓስፖርት ይዞ ውጭ የወጣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እኮ አንድ ቢሮ ውስጥ አባቱ ሲጠራ ሰምቶ "አቤት" ያለበት ቀን አለው። በራሳችን ላይ ሲደርስ የሚቆረቁረንን በሰው ላይ ስናደርገው አይታወቀንም።

ከሁሉ የሳቅሁት ግን በሌላ ነው። አንድ ሪፖርት ስለ ፍልስጤም ጉዳይ ስብሰባ ሲያወራ "ማሕሙድ ዐባስና አቡ ማዚን ተገኝተዋል" ይላል። አንድ ሰው ናቸው። አቡ ማዚን ማለት የማዚን አባት ማለት ነው፤ ዐረቦች ሰውን በበኩር ልጁ ስም ማክበር ይወዳሉ። ያሲር ዐረፋትም አቡ ዐማር ነበሩ፤ እሳቸው እንኳን ዐማር የሚባል ልጅ አልነበራቸውም፣ የትግል ስም ነው። ለተርጓሚው "አባ ዳኛውና ምኒልክ አድዋ ላይ ተገናኙ እንደማለት ነው" ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው ገባው። የፈረስ ስም የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ ቀን ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ከሳዑዲ የሚመጣ የቆየ ሰነድ በሂጅራ፣ በእስልምናው የጨረቃ አቆጣጠር ነው። ሪፖርቱ በፈረንጅ ነው። አንባቢያችን በእኛ ነው። ለምሳሌ የሳዑዲ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ የወሰነበት ውሳኔ ቁጥር 310 ቀኑ 7/9/1434 ነው። ዘጠነኛው ወር ረመዳን ነው። በፈረንጅ ጁላይ 2013፣ በእኛ ሐምሌ 2005። ወሩ እሺ። ቀኑስ? በሳዑዲው የመንግሥት ካላንደር ስታሰላው ጁላይ 15፣ ማለትም ሐምሌ 8 ይሆናል። ሰዉ ጨረቃ አይቶ ጾም በያዘበት ስትቆጥር ግን አንድ ቀን ይንሸራተታል። ሁለቱንም የሚጽፉ አሉ። እኔ የካላንደሩን ይዤ አልፋለሁ፤ መንግሥት የጻፈውን በመንግሥት ካላንደር ነው መቁጠር።

የእኛም ብንሆን ከሌላው አናንስም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ በአማርኛ ቁጥር 923/2008 ነው፤ በእንግሊዝኛ 923/2016። አንድ አዋጅ ነው። ሁለት አዋጆች አድርጎ የቆጠረ ሪፖርት በእጄ አልፏል። "በ2008 የወጣውን አዋጅ በ2016 አሻሽላ..." ይላል። ወይ ጉድ።

የዐረብኛ ቁጥርም የራሱ ተንኮል አለው። የምሥራቁ ዐረብ አምስትን ሲጽፍ ክብ ነው፤ ቁርጥ የእኛን ዐ ይመስላል። ዜሮን ደግሞ ነጥብ ያደርጋታል። ከፎቶ ላይ እየቀዳ የሚተይብ ልጅ ክቡን ሲያይ ዜሮ ብሎ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ሃምሳ አምስት ሰዎች ዜሮ ዜሮ ሆነው ያየሁበት ሠንጠረዥ አለ። በዚያ ላይ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቁጥሩ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ወርድ ላይ ኮፒ ፔስት ስታደርገው ቀኑ ተገልብጦ 1434/9/7 ይሆናል፤ ይህ ይሁን፣ ይታወቃል። ክፉው የዓመት ክልል ሲገለበጥ ነው። ከ1985 እስከ 1980 የተደረገ ጥናት ታነባለህ።

ቁጥር ካነሳሁ አይቀር አንድ ዐረፍተ ነገር አለች፣ ደጋግማ ቤቴ የምትመጣ። "ዐረቦች ከኸሊፋ መእሙን ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ የተረጎሙት 10,000 መጻሕፍት ነው፤ ስፔን ይህን በአንድ ዓመት ትተረጉማለች" ትላለች። መእሙን በ9ኛው መቶ ዓመት ባግዳድ የነገሠ ነው። በሦስት የተለያዩ ረቂቆች አግኝቻታለሁ፤ ሁሌም ሰው አፉን ለማስከፈት ነው የምትገባው። ከአጠገቧ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ትቀመጣለች፤ ይቺኛዋ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው የተባበሩት መንግሥታት የዐረብ ሰብአዊ ልማት ሪፖርት የመጣች ናት፦ የዐረቡ ዓለም በዓመት ወደ 330 መጻሕፍት ይተረጉማል፣ የግሪክን አንድ አምስተኛ።

እስቲ እርሳስ አንሱ። 330 በ30 ሲባዛ 9,900 ነው። በዓመት 330 ከተረጎሙ 10,000ውን ለመሙላት ሠላሳ ዓመት ይበቃቸዋል። ታዲያ ቀሪው አንድ ሺህ ምናምን ዓመት የት ገባ? ባዶ እጁን ተቀመጠ? በዚያ ዘመን እኮ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ የሚባል ሐኪም ከነልጁና ከነተማሪዎቹ ከ100 በላይ የጥንቱን የግሪክ ሐኪም የጋሌንን ሥራዎች ወደ ሶርያኛና ወደ ዐረብኛ መልሷል። (በነገራችን ላይ ሑነይን ክርስቲያን ነው። ዐረብ ሲባል እስላም፣ እስላም ሲባል ዐረብ የሚመስላቸው ጸሐፊዎችን እሱን ጠርቼ ነው የማስታርቃቸው።) ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች አንድ ገጽ ላይ አብረው መኖር አይችሉም። ባለፈው ለአንዱ ጸሐፊ ይህን ብዬ ሁለቱንም ቀይ አደረግኩባቸው። "ሁሉም ሰው ይጠቅሰዋል እኮ" አለኝ። ለዚያ ነው የሰረዝኩት አልኩት። እስካሁን ተኮራርፈናል።

የዐረብኛና የግዕዝ ነገር ሲነሳ ዮሐንስ መደብርን ሳልጠራ አላልፍም። በ7ኛው መቶ ዓመት ግብፅ ውስጥ የኒቅዩስ ጳጳስ የነበረ ሰው ነው። ከአዳም ጀምሮ ዐረቦች ግብፅን እስከያዙበት ድረስ ታሪክ ጻፈ። ዐረቦች ሲገቡ ግብፅ ምን እንደመሰለች ለማወቅ የሚፈልግ የዓለም ምሁር ሁሉ ደጃፉን ይረግጣል። መጀመሪያ የጻፈበት ቋንቋ ጠፋ። የዐረብኛው ትርጉም ጠፋ። የቀረው በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ብቻ ነው። "መደብር" ራሱ ስሙ አይደለም፤ በዐረብኛ አስተዳዳሪ ማለት ነው። ሹመቱ ሳይተረጎም ቀርቶ መጠሪያው ሆነ። የሰዎቹና የቦታዎቹ ስም ደግሞ ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገር ተጣሞ ተጣሞ አንዳንዱ ማን እንደሆነ ለመለየት ምሁራኑ ፍዳቸውን ያያሉ። ከ610 እስከ 640 ያለው ሠላሳ ዓመት ገደማ ጭራሽ የለም።

ይህን መጽሐፍ ባሰብኩ ቁጥር እነዚያ ተርጓሚዎች ያሳዝኑኛል። ነጥብ የሌለው የዐረብኛ ፊደል ፊታቸው ተቀምጦ፣ ባ ይሁን ታ ይሁን ኑን ይሁን ሳይለይ፣ የማያውቁትን የሮም ሹም ስም በግዕዝ ለመጻፍ ሲጨነቁ ይታየኛል። እኔ ቢያንስ ስልክ እደውላለሁ።

መደወል ካልኩ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። ከሪያድ ስለተመለሱ የቤት ሠራተኞች የተጠና ሪፖርት ነበር። ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ ተደረገ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ተጻፈ። ከዚያ እዚህ አገር እንዲነበብ ተብሎ ተመልሶ ወደ አማርኛ ተተረጎመ። የመጣልኝ ይኼኛው ነው፤ ከአማርኛ ተነስቶ አማርኛ የደረሰ፣ መሐል ላይ ግን ባሕር የተሻገረ።

አንዲት ልጅ ስለ ሥራ ሰዓቷ እንዲህ ትላለች፦ "ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እሠራ ነበር።" እህም። ሰባት ሰዓት ማለት ነው። እኔ የማውቀው የኮምቦልቻ፣ የሐርቡ፣ የባቲ ልጆችን ነው። በረፋድ 5 ሰዓት ሥራ የምታስጀምር ማዳም ካለች አድራሻዋን ስጡኝ፣ እኔም እቀጠራለሁ።

የቃለ መጠይቁ የድምፅ ቅጂ ይላክልኝ አልኩ። ሦስት ቀን ለምኜ መጣ። ልጅቷ በወሎ አማርኛ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች እንዲህ ነው ያለችው፦ "በ11 እነሳለሁ፣ የምተኛው 6 ሰዓት ነው።" ከሌሊቱ 11፣ እስከ እኩለ ሌሊት 6። እንግሊዝኛውን የጻፈው ሰው 11ንና 6ን እንዳለ ወሰዳቸው። አማርኛውን የመለሰው ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ በጥንቃቄ ስድስት ስድስት ሰዓት ቀንሶ ጨምሮ ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየረው። ሁለቱም ልፋታቸውን ለፍተዋል። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ሰባት ሆነ።

ያች ከላይ ያነሳኋት ውሳኔ 310 ደግሞ እዚህ ጋ ትመጣለች። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት ደንብ እሱ ነበር፤ ለቤት ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። በሪፖርቱ መሠረት ይቺ ልጅ 17 ሰዓት ያረፈች፣ የሕጉን እጥፍ ልትሞላ ምንም ያልቀራት ዕድለኛ ናት። በራሷ አፍ ግን ያረፈችው 5 ሰዓት ነው። ጥናቱን ላሠራው ድርጅት ጻፍኩ። እንግሊዝኛው ታትሞ ወጥቷል አሉኝ። አማርኛውን እናስተካክል፣ እንግሊዝኛው ላይ የእርማት ወረቀት ይግባበት አልኩ። ተስማሙ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ሁሉም አይስማማም።

እዚያው ሪፖርት ላይ ከእኔ ጋር የምትሠራው ወጣት አራሚ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ 'ከፊሉ ፓስፖርቴን ያዘው' ይላል። የፓስፖርቷን ከፊሉን ነው እንዴ የያዘው?" አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከፊል እኮ በዐረብኛ ዋስ፣ አሠሪ ማለት ነው፤ የከፋላ ሥርዓት የሚባለው ከሱ ነው የመጣው። ዐረብ አገር የነበረች ልጅ ሁሉ ከፊል፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ መክተብ (የአገናኙ ቢሮ) ትላለች። በሪፖርቱ አማርኛ መክተቡ "የሥራ አገናኝ ኤጀንሲ"፣ ማዳም ደግሞ "ወይዘሮ አሠሪዬ" ሆነው ነበር። "ወይዘሮ አሠሪዬ" ብላ የምታወራ የሐርቡ ልጅ እስቲ አምጡልኝ! መክተቡንም ማዳምንም መለስኳቸው። "ከፊል" ላይ ግን የአራሚዋ ጥያቄ ልክ ነበርና በየቦታው "ከፊሌ" አልነው። ባለቤት ሲኖረው ግማሽ አይመስልም።

ቅጂውን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ጠያቂዋ ስለ ዕረፍት ቀን ታነሳለች። ሪፖርቱ ላይ ይህ ክፍል በአንድ መስመር ነው ያለቀው፦ "ሳምንታዊ ዕረፍት እንዳልነበራት ገልጻለች።" ቅጂው ላይ ያለው እንዲህ ነው፤ እንዳለ አስገባሁት፦

"እሁድስ ታርፊ ነበር?"

"እሁድ የለም እኮ እዚያ። ጁምዓ ነው።"

"እሺ፣ ጁምዓስ?"

"ጁምዓማ እንግዳ ይመጣል።"